ወራጅ አለ ያሉት ሽማግሌ

ጋሽ ቶሎሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ፀጉሬን ስቆረጥ ነው። ቆራጩ ቶንዶሱን ከጆሮዬ ኋላ እያስጮኸ፣ «መጨረሻው ፌርማታ ጋ ያሉት ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለኝ፣ ስለ አዳማ ሙቀት የሚያወራ ይመስል። ግማሽ ራሴ ታጭዷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። ብድግ ብዬ መሮጥ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን እኔ ለዚህ ሰው ፀጉሬን እንዴት እንደምፈልገው እንኳን ነግሬው አላውቅም። ስንት ዓመት እሱ ደስ ያለውን ሲያደርግብኝ «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እየወጣሁ፣ ቤት ስደርስ ኮፍያ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ስለዚህ እስኪጨርስ ተቀመጥኩ። እንባዬ ሲወርድ «ፀጉር ዓይንህ ገባ እንዴ?» ብሎ ፎጣ አቀበለኝ። «አዎ» አልኩት።

እንግዲህ ዓይን አፋርነት ጨርሶ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ጋሽ ቶሎሳም ይለቅሃል ብለውኝ አያውቁም።

ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚረዝም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል የሚቀልዱ ሰው። በኛ ሰፈር ልጅ ሲዳር፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ለቅሶ ቤት የሚያጽናና ሲጠፋ «ቶሎሳ ይጠሩ» ይባላል። ለጋብቻ ሽምግልና ደግሞ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ እሳቸው የሄዱበት ቤት እምቢ አይልም ይባል ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። ከመናገራቸው በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና በሁለት እጃቸው ጫን ይሉታል። ሰው ሁሉ ለክብር የሚያደርጉት ይመስለው ነበር። እኔም እንደዚያው።

ራሳቸው ሚስት አልነበራቸውም። «የሰው ስዳር የራሴን ረሳሁት» ይሉና ይስቃሉ፤ ሰውም አብሮ ይስቃል።

ከእሳቸው ጋር ያገናኘን የኔ ጉድ ነው። በዚያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጥቼ፣ አዳማ ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ በሚሸጥ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ነበር። የተከራየሁት ቤት የታክሲው መስመር መሐል ላይ፣ መስጊዱ ጋ ነው። ታክሲ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው «ወራጅ አለ!» ይላል። ሁለት ቃል ነው፤ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይለዋል። እኔ አልለውም ነበር። መስጊዱ ሲቃረብ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ልቤ ይመታል፣ ድምፄን ካሰማሁ ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ የሚያፈጥብኝ ይመስለኛል። ሌላ ሰው እዚያው ከወረደ ተከትዬው ሹልክ እላለሁ። ካልወረደ ግን እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄዳለሁ፤ እዚያ ሁሉም ስለሚወርድ መናገር አያስፈልግም። ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ «ልጄ ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» እያለች ስላሳደገችኝ፣ ይህንንም ጨዋነት አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

የጋሽ ቶሎሳ ቤት መጨረሻው ፌርማታ ጋ ነው። አመሻሽ ላይ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! ቤትህ መስጊዱ ጋ አይደለም እንዴ? ምነው ሁልጊዜ እዚህ ወርደህ በእግርህ ትመለሳለህ?»

«ስፖርት ነው፣ ጋሼ።»

«እሰይ! የዘመኑ ልጅ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ አንተ ጎበዝ ነህ» አሉና መረቁኝ። ነገሩ በምርቃት ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ደስ ያላቸውን ነገር ለብቻቸው የሚይዙ ሰው አልነበሩም፤ ስፖርተኛነቴን ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ጤና ቡድን፣ ማለትም እሑድ ጠዋት ሜዳ ላይ ተሰብስበው ቦርጫቸውን ለማጥፋት የሚሮጡ አባወራዎች፣ አሠልጣኝ አድርገው መረጡኝ። «እኔ እኮ ስፖርተኛ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ያንን ለማለት ግን በሰው ፊት መናገር ያስፈልጋል። ፊሽካውን ተቀበልኩ።

ሥልጠናዬን ያየ ይፍረድ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ ስቆጥር የሚሰማኝ የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው። የኋለኛው ረድፍ የፊተኛውን እያየ ይከተላል፣ ስለዚህ እነዚህ ሲነሡ እነዚያ ይቀመጣሉ። ግንበኛ የሆነ አንድ ወፍራም ሰውዬ «አሠልጣኛችን በዓይኑ ነው የሚያሠራን» አለ። እኔ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ጋሽ ቶሎሳ የነቁብኝ አንድ ታክሲ ውስጥ ስንገናኝ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ኖሯል፤ አላየኋቸውም። መስጊዱ ጋ ስንደርስ እጄን ሳነሣና ስመልስ፣ አፌን ስከፍትና ስዘጋ አንድ በአንድ ተከታተሉኝ። መጨረሻው ፌርማታ ወርደን ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ስፖርተኛ አይደለህም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወራጅ አለ ማለት ነው ያቃተህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። በራቸው ላይ ካለው ወንበራቸው ላይ አስቀምጠውኝ ራሳቸው ቆሙ።

«ማን የሚያይህ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው! አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ ነገሩን እያብሰለሰለ ነው። አንዷ ልጇ ታሞባታል። አንዱ እንቅልፉን ይለጥጣል። አንተን ለማየት ማን ፋታ አለው? ልጄ፣ ይሄ ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም፤ ኩራትም አለበት። ኩራት አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ማንም አይለየውም፤ ባለቤቱም ቢሆን።»

ተቀየምኳቸው። ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ትሑት የተባልኩ ሰው እኔ ኩራተኛ? በማግስቱ ታክሲ ስገባ፣ ተሳስተዋል ብዬ ላረጋግጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ተሳፋሪውን አየሁ። ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ ግማሹ በመስኮት ያያል። እኔን የሚያይ አንድ ሰው የለም። እፎይ ማለት ሲገባኝ ትንሽ ቅር አለኝ። እዚያ ላይ ራሴን ታዘብኩት፤ እንዴት ሰው መታየት እየፈራ ባለመታየቱ ይከፋል? ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር።

ይህንን ስነግራቸው ደስ አላቸውና ዘዴ አስተማሩኝ። «ቃሉን እስቲ እየው። ልወርድ ነው አይደለም እኮ የሚባለው። ወራጅ አለ ነው። ወራጁ ማን ነው? አይታወቅም። ስለ ሌላ ሰው ተናገር። አንድ ምስኪን መውረድ ፈልጎ አፉ ተይዟል፣ አንተ ልታግዘው ነው። እኔም እንዲህ ነው የምናገረው።»

ሠራልኝ! ምስኪኑን ላግዝ ብዬ በጮህኩ ዕለት ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘና የአንዲት ሴትዮ ቲማቲም ከዘንቢል ወጥቶ በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ። እየለቀምኩ ይቅርታ ስጠይቅ እንኳን ደስታዬ አልቀነሰም። ከዚያ ወዲያ ነገሬን ሁሉ በሌላ ሰው ማሳበብ ሆነ ሥራዬ። ለአለቃዬ «ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አለ» እላለሁ። «ማን?» ሲለኝ ነው ችግሩ የሚመጣው። የጤና ቡድኑንም «የደከመው ሰው አለ» እያልኩ በጊዜ እበትነዋለሁ፤ የደከመው ሰው ማን እንደሆነ ግንበኛው ሳይገባው አልቀረም።

አሁን ወደ ሌንሴ ልምጣ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ሌንሴ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከመጋዘኑ ይሰማል፣ ምሳዋን ከፍታ ሳታጎርስ አትበላም። እኔ ከደረሰኝና ከቀን ስህተት ውጪ ያነጋገርኳት ነገር የለም። በቴሌግራም ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁ አይወራ። ስወዳት ዓመታት አለፉ፣ ማንም አላወቀም፤ በኔ ቤት በጣም ተጠንቅቄአለሁ።

አንድ ዓርብ ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ፣ «እሑድ ሽማግሌ ይመጣብኛል» አለች። ሻሸመኔ ያለ የጭነት መኪና ባለቤት ነው አሉ። ገንዘብ ያዧ «አንቺስ ምን አልሽ?» ስትላት፣ «እኔን ማን ጠየቀኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋ እንደ ወትሮው አልነበረም። ቀና ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ወዲያው የሒሳብ ማሽኔ ላይ አቀረቀርኩ፤ ምን እደምር እንደነበር ግን እግዜር ይወቀው።

ከሥራ በቀጥታ ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ፤ ሰው ሊቀድመኝ ነው» አልኳቸው። ነገሌ ውስጥ ለሚያውቋቸው ሁለት አዛውንቶች ወዲያው ደወሉና ቅዳሜ እንዲጠብቁን ቀጠሯቸው። በማግስቱ ጠዋት ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እኔ አዛውንቶቹ ጋ አድርሻቸው ካፌ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነው። ሽምግልና የሚባለውን ደንብ አባቶቻችን እኔን አስበው የሠሩት መሰለኝ። ጠያቂው ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይናገራል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ሞጆን አለፍን፣ መቂን አለፍን። ጋሽ ቶሎሳ ንግግራቸውን እያሰናዱ ነው፤ «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ያግባሽ ቢሏት አፍ ያለው ያግባኝ አለች፤ ይሄንን መሐል ላይ ጣል አደርገዋለሁ» እያሉ ይነግሩኛል። ባቱን አልፈን፣ ቡልቡላን ለቀቅ እንዳልን፣ ወደኔ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ልጅቷ ስትነግራት ምን አለች?»

በመስኮት ወደ ውጪ አየሁ።

«ምን አለች?»

«አልነገርኳትም።»

«ዛሬ እንደምንመጣ?»

«እሱንም።»

«ሌላ ምን አለ?»

«እንደምወዳትም አልነገርኳትም።»

ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ መኪናውን በሚያናጋ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አሉ።

ረዳቱ ወደ ውጪ አየ። ግራር፣ ፍየል፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ። ቤት የሚባል የለም። «እዚህ፣ ፋዘር?» አላቸው።

«እዚሁ!»

ወረድን። መኪናው ሄደ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ግራር ጥላ ሥር ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡና፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፍየሎቹን እያዩ ማውራት ጀመሩ።

«በወጣትነቴ አልማዝ የምትባል ልጅ እወድ ነበር። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ ስል ጓደኛዬ መጣና፣ ቶሎሳ አንተ አፍ አለህ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግባልኝ አለኝ። የማን ቤት? አልኩት። የነአልማዝ ቤት አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«እሺ ነዋ። ምን ልበል? አባቷ ልጄን አልሰጥም ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያቅታቸው እኔ ተናገርኩ። ስለ ጓደኛዬ የተናገርኩ መሰለህ? ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ነው በሱ ስም ያወጣሁት። አባቷ አለቀሱ። እዚያው ሰጡ።» ባርኔጣቸውን ጫን አሉት። «በዚያ ቀን ነው ስሜ የወጣው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ስናገር አንበሳ ነኝ። ስለ ራሴ ሲሆን ግን ይኸው።»

ከጉልበታቸው ላይ ባርኔጣቸውን አነሡት። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ ላይ ያ ባርኔጣ ምን ይሸፍን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ እጅግ አዘንኩላቸው፤ ለራሴም ፈራሁ።

«ወራጅ አለ የሚለውን ያስተማርኩህ ተሳስቼ ነው» አሉ። «ለታክሲ ይበቃል። ለሰው አይበቃም። እኔ ባለቤቱ ያልተናገረውን ቃል አልናገርም፣ ምያለሁ። መጀመሪያ አንተ ንገራት። እሺ ካለችህ በእግሬም ቢሆን እሄድልሃለሁ። እምቢ ካለችህም ሰው አይሞትም፤ ሳይናገር የቀረ ነው የሚሞተው፣ እሱም ቀስ ብሎ ነው።»

«ሰኞ እነግራታለሁ።»

«ነገ እሑድ ነው» አሉና ስልኬን በአገጫቸው አሳዩኝ።

ደወልኩ። ሌንሴ አነሣች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

ይኸው ነው እንግዲህ የኔ ፍቅር። ዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስልኬን አልመዘገበችውም፤ ደውዬላት አላውቅማ። ድምፄንም አላወቀችውም፤ ከየት ታውቀው?

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

ይህንን ጥያቄ የአገሩ ሰው ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ይጠየቃል፤ ማንም መልስ አያጣለትም። እኔ አጣሁ። «አንድ... ሰው አለ» ብዬ ስጀምር ጋሽ ቶሎሳ ከድንጋዩ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። የምደበቅበት ሰው አልነበረም፤ ያሉት እሳቸውና ፍየሎቹ ናቸው።

«ታምራት ነኝ» አልኩ። «ታምራት ይልማ። ፊት ለፊትሽ የምቀመጠው። እወድሻለሁ። ድሮ ነው፣ አሁን አይደለም፣ ማለቴ አሁንም። ሽማግሌ ይዤ ወደ አባትሽ እየመጣሁ ነበር፣ መንገድ ላይ ወረድን፣ እዚህ ፍየሎች አሉ።»

ስለ ፍየሎቹ ለምን እንደነገርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌንሴ ዝም አለች። በሕይወቴ የሰው ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ባዩ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

«አባቴን ነው እንዴ የምታገባው?» አለች በመጨረሻ።

«አይ።»

«ታዲያ ለምን ወደሱ ትሄዳለህ? ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ያልከውን ፊቴ ቆመህ ድገመው። ለነገዎቹ የምለውን እኔ አውቃለሁ።» ዘጋችው።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ድገመው አለች።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ነገሌ የሚጠብቁትን አዛውንቶች ደውለው ይቅርታ ጠየቁና፣ ወደ አዳማ የሚመለስ መኪና እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙ።

ሰኞ ደገምኩት። ገንዘብ ያዧ ሰማች፣ መጋዘን ያሉትም ሰሙ፤ ሁሉም ሰው በእርግጥ ዞሮ ያየኝ በዚያ ቀን ነው። ሌንሴ ለሻሸመኔዎቹ እምቢ ብላ ነበር፤ እኔንም ግን ወዲያው እሺ አላለችኝም። «አንተ ዓመታት አስበሃል፣ እኔም ትንሽ ላስብ» ብላ እስከ ፋሲካ ማግስት አንጠለጠለችኝ። ከዚያ ጋሽ ቶሎሳ ኮታቸውን ለብሰው ነገሌ ሄዱ። ሲመለሱ «ከገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው፤ ሥራው አልቆ ነው የጠበቀኝ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ወይዘሮ አልማዝ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ እዚሁ አዳማ ናቸው። «እርስዎስ ለምን አይነግሯቸውም?» አልኩ። ወንበራቸውን ይዘው ተነሡና «ያ ጉርባ፣ አምሽቷል፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» ብለው ገቡ። ገና አልመሸም ነበር።

የጋሽ ቶሎሳ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቷል። የዳሯቸው ባልና ሚስቶች ብቻ አንድ ሰፈር ይሞላሉ። እኔና ሌንሴ የተቀመጥነው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት አጠገብ ነው። የእድሩ ሰውዬ «ወይዘሮ አልማዝ፣ ውሃ ይምጣልዎ?» ሲላቸው ሌንሴ እጄን ጨበጠችኝ። ታሪኩን ነግሬአት ነበር።

«ታውቁት ነበር?» አሉን ሴትዮዋ።

«የዳሩን እሳቸው ናቸው» አለች ሌንሴ።

«እኔንም የዳረኝ እሱ ነው» አሉ። «አባቴ እምቢ ብለው ነበር። እሱ ገብቶ ሲናገር ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። እንዲያ ያለ ንግግር ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ብቻ እነዚያን ቃላት ከራሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጠበቅሁ። አንድም ቀን አላለኝም።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። «ከየት አምጥቶት ይሆን፣ ቶሎሳ?»

ሌንሴ ጎኔን ነካችኝ። ንገራቸው ማለቷ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ጉሮሮዬ አልደረቀም፣ ልቤም በቦታው ነበር፤ ቢያስፈልግ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ መናገር እችል ነበር። ነገር ግን ቃሉ የኔ አልነበረም። ባለቤቱ አርባ ዓመት ይዞት ኖሮ ሳይናገረው ሄዷል፤ ባለቤቱ ያልተናገረውን ደግሞ አልናገርም ያሉት እሳቸው ናቸው። «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌንሴ አኮረፈችኝ። ለምን እንዳልተናገርኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት። አዳምጣ፣ አዳምጣ፣ «አፍረህ ነው» አለች።

«አይደለም» አልኳት፤ መንገደኛው እንዳይሰማን ግን ቀስ ብዬ።